በዲናሞው ላይ የተጫረው መስቀል

አቶ ሀብተጊዮርጊስ ተክለጻድቅ በሶዶ ከተማ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የንብረት ቁጥጥር ሠራተኛ ናቸው። ሥራቸው ወንበር መቁጠር ነው ቢባል ውሸት አይሆንም፤ ሙሉ እውነትም አይሆንም። ወንበሩን ገልብጠው ከሥሩ በቀይ ቀለም ቁጥር ይጽፉበታል፤ ጠረጴዛውን፣ መደርደሪያውን፣ የሻይ ማፍያውን ሳይቀር። ቁጥር የሌለው ዕቃ ለሌባ የተዘጋጀ ዕቃ ነው ብለው ያምናሉ። በሃያ ስድስት ዓመት አገልግሎታቸው ከእጃቸው የጠፋ ንብረት የለም። ይህ የሚመሰገኑበት ነው፤ ሌላ የሚመሰገኑበት ብዙ የለም።

ቤታቸውም እንደ መሥሪያ ቤታቸው ነው። በጋዝ ሲሊንደሩ ሥር፣ በመጥረቢያው እጀታ ላይ፣ ጎረቤት በሚዋሰው መሰላል ጫፍ ላይ በሚስማር የተጫረች ትንሽ መስቀል ትገኛለች። የታችኛው እግሯ ወደ ግራ ቆልመም ያለች ናት። ማንም ሰው ሊያስመስላት እንዳይችል ነው እንዲህ ያደረጓት። ሚስታቸው ወይዘሮ ጽጌሬዳ አንድ ቀን፣ «እኔንስ የት ላይ ነው ምልክት ያደረግህብኝ?» ብለው ቀልደውባቸው ነበር። አቶ ሀብተጊዮርጊስ አልሳቁም።

መኪናቸው ጡረታ ከወጣ ሐኪም የገዟት፣ ዕድሜዋ ከልጃቸው ከሶሲ የሚበልጥ ነጭ ኮሮላ ናት። አሮጌ መኪና ያለው ሰው ደግሞ ጋራዥ ሲሄድ መኪናውን አስረክቦ አይመለስም። በርጩማ ይቀርብለታል፤ ቁጭ ብሎ የመካኒኩን እጅ ሲጠብቅ ይውላል። ምሳውን እንኳ እዚያው ያስመጣል። ይህ ልማድ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻም፤ ደህናውን ዕቃ አውልቀው ያለቀለትን የሚገጥሙ መካኒኮች ነበሩ፤ አሁንም አሉ። ነገር ግን የሌቦች መኖር ሌባ ያልሆነው ሰው በየቀኑ የሚከፍለው ቅጣት ሆኖ ሲቀር፣ ልማዱ ጥንቃቄ መሆኑ ቀርቶ ስድብ ይሆናል። በርጩማው ላይ የተቀመጠ ሰው ይህን አያስበውም። ጎንበስ ብሎ የሚሠራው ግን ያውቀዋል።

ኢሳይያስ ጩማ ጎንበስ ብሎ ከሚሠሩት አንዱ ነበር። የበዴሳ ገበሬ ልጅ ነው፤ ሙያውን በመንግሥት ድርጅት ጋራዥ ተምሮ፣ በሶዶ ንግሥቲ ከሚባሉ ወይዘሮ ላይ ግቢ ተከራይቶ የራሱን ጋራዥ ከፈተ። አራት ምሰሶና አንድ የቆርቆሮ ጣሪያ ነበር ጋራዡ። እንደ አቶ ሀብተጊዮርጊስ ሁሉ የገብርኤል ጽዋ ማኅበር አባል ነበር፤ በየወሩ በአሥራ ዘጠኝ ከእርሳቸው ጋር ከአንድ ዳቦ ይቆርሳል። ኢሳይያስ አንድ እንግዳ ጠባይ ነበረው፤ ያወለቀውን ዕቃ ሳያጥብ አይመልስም። በቤንዚን አጥቦ፣ በጨርቅ አድርቆ፣ ቀለም ከተረፈው ቀለም ቀብቶ ይገጥማል። ማንም አላዘዘውም፤ ማንም አልከፈለውም።

በጥቅምት ወር 2010 ዓ.ም. የኮሮላዋ ባትሪ አልሞላ አለ። ጥፋቱ የዲናሞው፣ ማለትም በሞተሩ ኃይል ተሽከርክሮ ባትሪውን የሚሞላው ዕቃ ነበር። አቶ ሀብተጊዮርጊስ ወደ ጋራዥ ከመሄዳቸው በፊት እንደ ልማዳቸው ካርቶን አንጥፈው ከመኪናዋ ሥር ተንጋለሉና፣ በዲናሞው ሆድ ላይ ያቺን እግረ ቆልማማ መስቀል በሚስማር ጫሩ። መኪናዋን ኢሳይያስ ዘንድ አድርሰው በርጩማው ላይ እንደ ተቀመጡ ስልክ ተደወለ። ሻንቶ ላይ አክስታቸው ዐርፈዋል። ለቀብር መሄድ ግድ ነበር። መኪናዋን ጥለው ሄዱ፤ በሕይወታቸው መኪናቸውን ያለ ጠባቂ የተዉት ያን ቀን ብቻ ነው።

በማግሥቱ ተመልሰው ኮፈኑን ሲከፍቱ ዲናሞው እንደ አዲስ የብር ሳንቲም ያበራል። ምልክታቸው የለም።

«ኢሳይያስ፣ የእኔ ዲናሞ የት አለ?»

«እሷው ናት ጋሼ። ካርቦኗን ቀየርኩ፣ ኩሽኔታዋን ቀየርኩ፣ አጠብኳት፣ ቀለም ቀባኋት። ዝገት ሊበላት ነበር።»

«ቀለም ቀባልኝ ብዬሃለሁ?»

«አላሉም። ቀለሙ ተርፎኝ ነው።»

«ሰው ሲሰርቅ ነው ቀለም የሚተርፈው።»

ኢሳይያስ መጀመሪያ የቀለዱ መስሎት ፈገግ አለ። ፈገግታውንም ቆጠሩበት።

ነገሩ ወደ ሽማግሌ ሄደ። ሦስት ሽማግሌዎች በጋራዡ ግቢ ተሰበሰቡ፤ ዋናው የማኅበሩ አንጋፋ አባል የሆኑት አቶ ኤልሳዕ ነበሩ። ዲናሞው ወልቆ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ቀለሙ ተፍቆ ምልክቱ ይታይ ተባለ፤ ሐሳቡን ያመጣው ራሱ ኢሳይያስ ነው። አቶ ኤልሳዕ ቢላዋ ይዘው፣ «የት ላይ ነው?» ሲሉ፣ አቶ ሀብተጊዮርጊስ አንዲት አፍታ ሳያመነቱ በስተቀኝ በኩል አመለከቱ። ተፋቀ። መዳፍ የሚያህል ባዶ ብረት ወጣ። መስቀል አልነበረም።

«ጋሼ ኤልሳዕ፣ ዙሪያዋን ይፋቁልኝ» አለ ኢሳይያስ። «ቀለሙ የራሴ ነው፤ አይቆጨኝም።»

«ባለቤቱ እዚህ ነው እያለ እኔ ሌላ ቦታ ምን ልፈልግ? ወርቅ መሰለህ የምቆፍረው?»

ግቢው ውስጥ የቆሙት ሳቁ። ፍርዱ ያ ሳቅ ነበር።

ኢሳይያስን ሌባ ነህ ብሎ የፈረደበት የለም። እንዲህ ያለው ፍርድ በወረቀት አይጻፍም፤ ቢጻፍ ይግባኝ ይባልበት ነበር። ሰዎች መኪናቸውን ወደ ሌላ ጋራዥ ወሰዱ፤ ያ ብቻ ነው። በማኅበሩ ተራው ደርሶ የሚቀጥለው ሙሴ፣ ማለትም ሰብሳቢ፣ ሊሆን የነበረው እሱ ነበር፤ ኃላፊነቱ ለአቶ ሀብተጊዮርጊስ ተሰጠ። ወይዘሮ ንግሥቲ ዓመቱን ጠብቀው ግቢያቸውን እንዲለቅ ጠየቁት። ኢሳይያስ ሚስቱን ጥሩዬን ይዞ ከሶዶ ራቅ ወዳለችው ትንሽ ከተማ፣ ወደ ቢጠና፣ ገባ፤ በቀበሌ መንገድ ዳር ሞተር ሳይክል ይጠግን ጀመር። የመኪና ሞተር አውርዶ የሚሰቅል እጅ የሞተር ሳይክል ሰንሰለት ሲያጠብቅ መዋሉን ያየ ሁሉ፣ «ምን ያድርግ፣ ራሱ ባመጣው» ይል ነበር።

አቶ ሀብተጊዮርጊስ ከዚያ ወዲያ ጋራዥ አልረገጡም። መፍቻ ገዙ፤ ክሪክ ገዙ፤ ሰማያዊ ቱታ አሰፉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከግቢያቸው ካርቶን ላይ ተንጋለው ዘይት ያወርዳሉ፣ ፍልትሮ ይቀይራሉ፣ ካንዴላ ያጸዳሉ። ለእውነቱ ለመመስከር፣ እጃቸው ጥንቁቅ ነበር። ዘይት በወቅቱ ይቀየራል፤ አንዲት ብሎን አትጠፋም። ጉድለታቸው ማጥበቅ ማብዛት ነበር፤ ያሰሩት ነገር ሁሉ ከልኩ በላይ የተወጠረ ነው። የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቻቸው ይመጡና ቆመው ያያሉ።

«አይሰለችዎትም ጋሼ ሀብቴ? ለጋራዥ ሰጥተው ቢያርፉስ?»

«ዐርፌ አውቃለሁ እኮ፤ አንድ ቀን። ዲናሞዬን በላችው ያቺ ቀን።»

ይህችን አባባል በስድስት ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደ ተናገሯት የሚያውቅ የለም። ሁልጊዜ ታስቅ ነበር። ሁልጊዜም ቢጠና ድረስ ትደርስ ነበር።

በየካቲት 2016፣ በአንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ የባትሪው ቀይ መብራት እንደገና በራ። አቶ ሀብተጊዮርጊስ ካርቶናቸውን አንጥፈው ተንጋለሉ። ዲናሞውን የሚያዞረውን ቺንጋ አወለቁ፤ ከዓመታት ሙቀትና ዘይት የተነሣ የዲናሞው ቀለም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ መላጥ ጀምሯል። ቤንዚን የነካ ጨርቅ ሲያሳልፉበት ልጣጩ ተገፈፈ። በስተግራ በኩል፣ ከዓይናቸው አንድ ስንዝር ርቀት ላይ፣ መስቀሏ ነበረች። የታችኛው እግሯ ቆልመም ብሏል።

ወዲያው ገባቸው። ምልክቱን ሲያደርጉ እንደዚህ በጀርባቸው ተኝተው ወደ ላይ እያዩ ነበር፤ ለሽማግሌዎቹ ሲያመለክቱ ግን ቆመው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠውን ዕቃ ወደ ታች እያዩ ነበር። ተኝቶ የሠራውን ቆሞ የሚያመለክት ሰው ቀኙ ግራ ይሆንበታል። ይህን አንድ የአናጺ ተማሪ ያውቀዋል። ሃያ ስድስት ዓመት ወንበር ሲገለብጡ የኖሩት ሰው አላወቁትም፤ አላወቁትም ከማለት ይልቅ ለመጠራጠር አልፈለጉም ማለት ይሻላል። የሁሉን ሰው እጅ ጠርጥረዋል፤ የራሳቸውን ጣት ግን አንድ ጊዜም አልጠረጠሩ።

ወይዘሮ ጽጌሬዳ ምሳ ሊጠሯቸው ሲወጡ እግራቸው ከመኪናዋ ሥር ወጥቶ ሳይንቀሳቀስ አገኙት።

«ሀብቴ፣ ምን ሆንህ?»

«ምንም።»

«ምንም ነገር ሰውን እንዲህ አያስተኛም።»

አቶ ሀብተጊዮርጊስ ይዘውት የነበረውን የእጅ መብራት አቀበሏቸው። ወይዘሮዋ ነጠላቸውን ሰብስበው ተንበረከኩና ወደ ውስጥ አዩ። ለረጅም ጊዜ አዩ። በየቀኑ ጋዝ ሲለኩሱ የሚያዩትን ምልክት ለማወቅ ያን ያህል ጊዜ አያስፈልጋቸውም ነበር።

«ያ ልጅ» አሉ በመጨረሻ። «ስድስት ዓመት።»

«ዐውቃለሁ።»

«መቼ ልትናገር ነው?»

«በአሥራ ዘጠኝ፤ በማኅበሩ ፊት። ስሙን ባጠፋሁበት ሰው ፊት።»

መጋቢት አሥራ ዘጠኝ መጣ። አቶ ሀብተጊዮርጊስ ራሳቸውን አመማቸውና ከማኅበሩ ቀሩ። በእርግጥ አሟቸው ነበር፤ ሰው የማይፈልገውን ነገር ሊያደርግ ሲል ራስ ምታቱ አይዋሽም። ወይዘሮ ጽጌሬዳ ሁለት ጊዜ አስታወሷቸው፤ ከዚያ ማስታወሱን ተዉት። ዝምታቸው ለባላቸው ማዘን መስሎ ታያቸው። እውነቱ ግን ለራሳቸው ምቾት ነበር።

ነገሩ በዚያው ተዳፍኖ በቀረ ነበር። ነገር ግን በሚያዝያ መጀመሪያ የወይዘሮ ንግሥቲ ግቢ ተከራይ ለቀቀ። ኢሳይያስ ይህን ሰምቶ ወደ ሶዶ መመለስ እንደሚፈልግ መልእክት ላከ። ወይዘሮ ንግሥቲ ክፉ ሴት አይደሉም፤ ደፋርም አይደሉም። «የማኅበሩ ሰዎች ፊት ስሙ ከጠራ እሰጠዋለሁ» አሉ። እንግዲህ የአንድ ሰው የሙያ ኑሮ፣ ወደ ከተማ መመለሱና አለመመለሱ፣ በአንድ ሰው አፍ ውስጥ ባለች አንዲት ዐረፍተ ነገር ላይ ተንጠለጠለ። ያ ሰው ደግሞ የማኅበሩ ሙሴ ነበር።

ወይዘሮ ጽጌሬዳ ወሬውን ነገሯቸው። በማግሥቱ አቶ ሀብተጊዮርጊስ ኮሮላዋን አስነሥተው ወደ ቢጠና ነዱ።

ኢሳይያስ በቆርቆሮ ጥላ ሥር የሞተር ሳይክል ካርቡራተር በቤንዚን ያጥብ ነበር። ባለቤቱ ሻይ ሊጠጣ ሄዷል፤ የሚያይ አልነበረም፤ እሱ ግን በጥርስ ብሩሽ ጥጋጥጉን ይፈቀፍቃል። ኮሮላዋን ከድምፅዋ ለያት። ቀና ሳይል፣

«ቺንጋዋን ወጥረዋታል» አለ። «ትጮኻለች፤ አይሰሙም? ኩሽኔታዋን ትበላለች።»

«ደህና ዋልህ ኢሳይያስ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ይቀመጡ።»

በርጩማ አቀረበላቸው። አቶ ሀብተጊዮርጊስ ሊቀመጡ አልቻሉም፤ ቆመው ቀሩ። ጥሩዬ ከጓዳ ወጥታ ቀዝቀዝ ባለ ድምፅ ሰላም አለቻቸው፤ ጾም ነውና ቦይና የሚሉትን የተቀቀለ ጎደሬ ከዳጣ፣ ከሚያቃጥለው የቃሪያ ድልህ ጋር በሳህን አቅርባ ተመለሰች። ጠላት ለሆነ ሰው እንኳ ደጅ ከመጣ ሳህን ይቀርባል፤ እንግዳው ግን አልቀመሱም።

«ኢሳይያስ፣ መስቀሏን አገኘኋት።»

«የትኛዋን?»

«ዲናሞዋ ላይ ያለችውን። በስተግራ ናት። ቀለሙ ሲላጥ ወጣች። ዲናሞዋ የእኔው ናት።»

ኢሳይያስ ካርቡራተሩን ጨርቅ ላይ አኖረ። እጁን በሰጋቱራ አሸ። የሚያስገርም ነገር የሰማ ሰው አይመስልም ነበር።

«እኔ እኮ ድሮም አውቃለሁ ጋሼ። ዛሬ ያወቁት እርስዎ ነዎት።»

«ይቅር በለኝ።»

«እዚህ?» ኢሳይያስ ዙሪያውን አየ። «እዚህ ማን ይሰማል? ይቺ ሞተር ሳይክል ናት የምትሰማ። እሷ ድሮም አልጠረጠረችኝም።»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«እዚያ የተናገሩትን እዚያ ይናገሩ። ሌላ ምንም አልፈልግም። ካሣ አልልም፣ ይማሉልኝ አልልም። ወይዘሮ ንግሥቲ ግቢያቸውን ይሰጡኛል፤ ሥራዬን እሠራለሁ። በቃ።»

«የሚያዝያው በሆሳዕና ዋዜማ ስለሚውል ቀርቷል። ግንቦት አሥራ ዘጠኝ፤ አቶ ኤልሳዕ ቤት ነው። ና፤ በፊትህ እናገራለሁ። በገብርኤል—»

«አይማሉ ጋሼ። ይናገሩ እንጂ አይማሉ።»

ከዚያም ሳይጠየቅ ኮፈኑን ከፈተ። መስቀሏን አየ፤ በአውራ ጣቱ ዳሰሳት። ሁለት ብሎን አላልቶ ቺንጋውን በልኩ አደረገና በጣቱ ተጭኖ አሳያቸው። «እንደዚህ፤ ጣት ስትጫናት ትንሽ ትግባ። ከዚህ በላይ አይወጥሯት።» መኪናዋ ስትነሣ ጩኸቷ ጠፍቶ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ በራሳቸው እጅ ሲያጠብቁት የኖሩት ስሕተት በአምስት ደቂቃ ተስተካከለ። አቶ ሀብተጊዮርጊስ ክፍያ ሊሰጡት ፈልገው ፊቱን ሲያዩ ባዶ እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

ግንቦት አሥራ ዘጠኝ ሰኞ ነበር። ኢሳይያስ የመፍቻ ሣጥኑን ይዞ ከቢጠና መጣ፤ ወይዘሮ ንግሥቲ ግቢ አኑሮት፣ ከስድስት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ማኅበሩ ወደ ተሰበሰበበት ቤት ገባ። በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ጸሎት ተደረሰ፤ ዳቦው ተቆረሰ፤ ጠላው ዞረ። የማኅበሩ የንስሐ አባት መምሬ ገብረሥላሴ፣ «የምትናገሩት ያላችሁ ተናገሩ» ሲሉ አቶ ሀብተጊዮርጊስ ተነሡ። ዐረፍተ ነገሩን በቃላቸው አጥንተውት ነበር። አጭር ነበረች።

«በእኔና በኢሳይያስ መካከል ስላለው ነገር» ብለው ጀመሩ። ትንፋሽ ለመውሰድ ቆም አሉ።

በዚያች እስትንፋስ ውስጥ አቶ ኤልሳዕ ገቡበት።

«ተመስገን። ይህን ቀን ሳላይ እሞታለሁ ብዬ ነበር። ልጁን ይቅር ልትለው ነው አይደል ሀብቴ?»

«የክርስቲያን ወጉ ይኸው ነው» አሉ ከማኅበርተኞቹ አንዷ የሆኑት ወይዘሮ ንግሥቲ። ከሴቶቹ መካከል አንዷ እልል አለች። አሥራ ስምንት ሰው ወደ አቶ ሀብተጊዮርጊስ ተመለከተ። ሰውየው በሕይወታቸው ሙሉ በአክብሮት ታይተዋል፤ በጥንቃቄም ታይተዋል፤ በፍቅር ሲታዩ ግን ይህ የመጀመሪያቸው ነበር። ሊሉት የመጡት ነገር ያን ፍቅር በአንዲት ቃል ወደ ሌላ ነገር ይለውጠዋል። ሊቀበሉት የተዘረጋላቸው ነገር ግን ምንም አያስወጣም።

«አዎ» አሉ።

እልልታው ቀጠለ። ሰው ደክሞ ይወድቃል፤ እስከዚህ ድረስ ያለው ድካም ነው፤ ድካም ደግሞ ይቅርታ አለው። ከዚህ በኋላ ያለው ግን ሌላ ነው።

ኢሳይያስ ተነሣ። «ጋሼ ሀብተጊዮርጊስ፣ ቢጠና የነገሩኝን ይንገሩ።»

«የነገርኩህ ይህንኑ ነው።»

«መስቀሏን አገኘኋት አላሉኝም? በስተግራ ናት አላሉኝም?» ድምፁን ከፍ አላደረገም። «እኔም አይቻታለሁ። መኪናዋ ከዚህ አምስት ደቂቃ ናት። ተነሡ፣ ሄደን ኮፈኑን እንክፈት። ሁላችሁም እዩ።»

አቶ ሀብተጊዮርጊስ ወደ ወለሉ ያዩ ነበር። አቶ ኤልሳዕ ቢላዋውን የያዘው እጅ የራሳቸው መሆኑን አልዘነጉም፤ ስለዚህ ፈጥነው ተናገሩ፤ «አሁንም ኮፈን? ሰው ይቅር ሲልህ ጉልበቱን ትስማለህ እንጂ ኮፈን ትከፍታለህ?»

አሁንም ተሳቀ።

መምሬ ገብረሥላሴ እጃቸውን አነሡ። «ልጄ፣ ጽዋ በተቀመጠበት ክርክር አይነሣም። ዕርቅ ከወረደ በኋላ ማስረጃ አይፈለግም። ተቀመጥ።»

መምሬ ክፋት አልነበረባቸውም፤ የሚያውቁትም ነገር አልነበረም። አምስት ደቂቃ መሄድ ግን ይችሉ ነበር። አሥራ ስምንቱም ይችሉ ነበር። ሌብነትን ለማረጋገጥ ሲሆን ቢላዋ ይዘው ግቢ ድረስ የሄዱ ሰዎች፣ ንጽሕናን ለማረጋገጥ ሲሆን ከመቀመጫቸው መነሣት ኃጢአት ሆነባቸው። ሰላም ብለው የጠሩት ነገር ስንፍናቸው ነበር።

ኢሳይያስ ወደ ሴቶቹ ወገን አየ። ወይዘሮ ጽጌሬዳ እዚያ ተቀምጠዋል፤ እውነቱን ከባላቸው ሌላ የሚያውቁ እርሳቸው ብቻ ናቸው። ወይዘሮዋ የነጠላቸውን ጥለት ያስተካክሉ ነበር። ብዙ ጊዜ አስተካከሉት። የባልን ገመና መሸፈን መልካም ሚስትነት ነው ተብለው አድገዋል፤ የሌላ ሰው ሚስት ቢጠና ላይ በዚህ ሽፋን ሥር እንደምትኖር የነገራቸው አልነበረም፤ ማንም ሊነግራቸው ግን አያስፈልግም ነበር።

«እንግዲያው እናንተ ይቅር ብላችኋል» አለ ኢሳይያስ። «እኔ ግን ይቅር አላልኩም።»

ወጣ። ከበስተኋላው አንድ ሰው፣ «ይሄ ሰው ኩራቱ አልለቀቀውም» ሲል ተሰማ። ሌላው፣ «ድሮስ ከዚህ ሌላ ምን ይጠበቃል» አለ። ጠላው እንደገና ዞረ። አቶ ሀብተጊዮርጊስ ሲወጡ ሰዎች እጃቸውን ጨበጧቸው፤ አንዳንዶቹ በሁለት እጃቸው።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ አቶ ሀብተጊዮርጊስ ሰማያዊ ቱታቸውን ለበሱ። ካርቶናቸውን አነጠፉ። ዲናሞውን ፈትተው አወረዱ፤ በምትኩ ከዕቃ መደብር ያመጡትን ሌላ ዲናሞ ገጠሙ። ሥራውን ለማንም ጋራዥ አልሰጡም። ጥሩ አድርገው ገጠሙት፤ ቺንጋውን እንኳ ቢጠና በታየው ልክ፣ ጣት ሲጫነው ትንሽ እስኪገባ ድረስ አላሉት። የድሮውን ዲናሞ «ቆራሌው» እያለ በደጅ ለሚያልፍ ብረት ሰብሳቢ ሰጡት። በእጃቸው የገባ ንብረት እንዲጠፋ ያደረጉት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ወይዘሮ ጽጌሬዳ በመስኮት ያዩ ነበር። ምሳ ሲበሉ፣ «ያን ነገር ምን አደረግኸው?» አሉ።

«አርጅቷል።»

«ገና ይሠራ አልነበር?»

«አርጅቷል አልኩሽ።»

ወይዘሮዋ ወጥ ጨመሩላቸው።

ኢሳይያስ ያን ሳምንት በሶዶ ዘመዱ ቤት ቆይቶ ነበር፤ የወይዘሮ ንግሥቲን የመጨረሻ ቃል ይጠብቅ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በግቢያቸው በር ላይ አገኛቸው። የመፍቻ ሣጥኑ ሰኞ እንዳኖረው በባዶው ግቢ ጥግ ተቀምጧል። ወይዘሮ ንግሥቲ ቁልፉን በእጃቸው እያገላበጡ ቆዩ።

«ይቅር መባልህ ደስ ብሎኛል ኢሳይያስ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ አልቅሻለሁ ያን ቀን።»

«እማማ ንግሥቲ፣ ግቢውን ይሰጡኛል?»

«ይቅር የተባለ ሰው እኮ አጥፍቶ የነበረ ሰው ነው ልጄ። እዚህ የሰው መኪና ያድራል። ነገ አንድ ነገር ቢጎድል፣ እያወቅሽ አስገባሽው ይሉኛል።»

«ያላጠፋሁስ ብሆን?»

ወይዘሮ ንግሥቲ ከልባቸው ተገረሙ። «ያላጠፋህ ብትሆን ምን ብለው ይቅር ይሉሃል?» አሉት።

ለዚህ መልስ የምትሆነው መስቀል በዚያው ሳምንት ከብረት ሰብሳቢው ጋር ከከተማ ወጥታለች፤ ኢሳይያስ ግን ይህን አያውቅም። ሣጥኑን በባጃጅ ጭኖ ወደ መናኸሪያ ወሰደ። የቢጠና ሚኒባስ ረዳት ሣጥኑን ወደ ላይ ሊሰቅል ሲል ከብዶት መለሰው።

«ምን ጭነህ ነው ወንድሜ? ድንጋይ ነው?»

«መፍቻ ነው።»

«መካኒክ ነህ? የኛ መኪና ፍሬኗ ትንሽ ይጮኻል፤ አታየውም፣ ሰው እስኪሞላ?»

ኢሳይያስ ተሳፍሮ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠ። «ባለቤቱ ሲኖር» አለ፤ «ባለቤቱ ቆሞ እያየ።» ረዳቱ ትከሻውን ሰብቆ ተሳፋሪ ወደ መጥራቱ ተመለሰ።

ግቢው በሰኔ ለወፍጮ ቤት ተከራየ።